ክረምቱን በቤታችን የሚያሳልፉ አይጦች፦ ከዘር በፊት የሚሠራ የመከላከል ሥራ

ለወግዲ ወረዳ ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ

የትምህርቱ ዓላማ

ይህን ትምህርት ስታጠናቅቁ፦
• የእርሻ አይጥ መቼና ለምን ወደ ቤት እንደምትገባ ትለያላችሁ፤
• በአንድ ቤትና በአንድ ጎጥ የሚደርሰውን የእህል ብክነት ታሰላላችሁ፤
• ቤትን፣ ጎተራንና ግቢን ከአይጥ የመከላከል ሥራ በእጃችሁ ትሠራላችሁ፤
• የአይጥ መርዝ በሰውና በእንስሳት ላይ የሚያደርሰውን አደጋ ታውቃላችሁ፤
• በጎጣችሁ የጋራ ዘመቻ ታስተባብራላችሁ።

1. መግቢያ

በወረዳችን ከዓባይ ሸለቆ ቆላ ጀምሮ እስከ ደጋው ድረስ አይጥን የማያውቅ አርሶ አደር የለም። ማሽላ የሚያመርተው በማሽላው፣ ጤፍና ስንዴ የሚያመርተው በክምሩ፣ ሁሉም ደግሞ በጎተራው ያውቃታል። ነገር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይጥን የምንዋጋው ጉዳቷ በዓይን ሲታይ ነው፤ በጥቅምትና በኅዳር የሰብሉ አገዳ ሲቆረጥ፣ በጥርና በየካቲት ደግሞ ከረጢቱ ሲቀደድ። በዚያ ጊዜ አይጧ በዝታለች። አንዷን ስንገድል ሌሎች ይተካሉ፤ ድካማችንም ውኃ በወንፊት እንደ መቅዳት ይሆናል።

የዚህ ትምህርት ዋና መልእክት አንድ ነው። በመኸር ወቅት ማሳውን የሚወርሩት አይጦች የሚመነጩት ክረምት እስኪገባ በሕይወት ከቆዩት ጥቂቶቹ ነው። ከእነዚህ ጥቂቶች ውስጥ ብዙዎቹ የሚሸሸጉት በቤታችን፣ በጎተራችን ሥርና በጭድ ክምራችን ውስጥ ነው። ስለዚህ አይጥን ለመቆጣጠር የሚሻለው ጊዜ ቁጥሯ አነስተኛ ሆኖ ከሰው ቤት የተጠጋችበት፣ መራባትም ያልጀመረችበት ወቅት ነው። ይህም በእኛ አካባቢ ከግንቦት አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ ነው። በልግ በሚዘራባቸው ቀበሌዎች ደግሞ ከበልጉ ዝናብ በፊት አንድ ዙር መጨመር ያስፈልጋል።

2. ወደ ቤት የምትገባው የትኛዋ አይጥ ናት?

ሁሉም አይጥ አንድ ዓይነት ጠባይ የለውም። ለይቶ ማወቁ ወጥመድ የት እንደሚጠመድ ለመወሰን ይረዳል።

ሀ) አይጠ መጎጥ። ትልቋ፣ ጅራቷ ከሰውነቷ የሚረዝም የቤት አይጥ ናት። በግድግዳና በማገር ላይ ትወጣለች፤ በጣሪያና በቆጥ ላይ ጎጆዋን ትሠራለች። ዓመቱን ሙሉ በቤት ትኖራለች።

ለ) ትንሿ የቤት አይጥ። ሰውነቷ ከአውራ ጣት ብዙም አይበልጥም። የእርሳስ ውፍረት ያለው ቀዳዳ ይበቃታል። በዕቃ መካከል፣ በከረጢት ሥርና በልብስ ውስጥ ትራባለች።

ሐ) ባለ ብዙ ጡት የእርሻ አይጥ። ባለሙያዎች ማስቶሚስ ይሏታል። ሴቷ እስከ 24 ጡት ሊኖራት ስለሚችል በዚህ ትታወቃለች። በምሥራቅ አፍሪካ ሰብል በመጉዳት ቀንደኛዋ እርሷ ናት። በማሳ ትኖራለች፤ በማሳ የምትበላው ሲጠፋ ወደ ቤት ትገባለች። ይህ ትምህርት በዋናነት የሚመለከተው እርሷን ነው።

መ) የሣር አይጥ። አርቪካንቲስ ትባላለች። በቀን ትንቀሳቀሳለች፤ በሣር፣ በቁጥቋጦና በድንጋይ እርከን ውስጥ ትኖራለች። ወደ መኖሪያ ቤት እምብዛም አትገባም፤ በማሳና በክምር ላይ ግን ትጎዳለች።

ፍልፈል ከእነዚህ የተለየች ናት። ከመሬት በታች ሥር ትበላለች እንጂ ወደ ቤት ስለማትገባ እዚህ አናነሳትም።

3. የአይጥ ዓመት

አርሶ አደር የዘመን መቁጠሪያ እንዳለው ሁሉ አይጥም የራሷ የዓመት ዑደት አላት። ዑደቷን ያወቀ ይቀድማታል።

ከሐምሌ እስከ መስከረም። ዝናቡ ሣርና ለምለም ምግብ ያበቅላል። የዳነችው አይጥ መራባት ትጀምራለች። ባለ ብዙ ጡቷ አይጥ ለ23 ቀናት ያህል ታረግዛለች፤ በአንድ ጊዜ በአማካይ 10 ያህል ትወልዳለች።

ጥቅምትና ኅዳር። ሰብሉ እሸት ሆኖ ይበስላል። አይጥ ከዓመቱ ሁሉ የምትበዛው በዚህ ጊዜ ነው። የማሳውን ጉዳት የምናየውም አሁን ነው።

ታኅሣሥና ጥር። ማሳው ይታጨዳል። የሚሸሽጋት ሰብልም ሆነ የምትበላው ነገር በማሳው ላይ ይጠፋል። አይጧ ነዶውን ተከትላ ወደ ክምር፣ ከክምር ወደ አውድማ፣ ከአውድማ በጭድና በከረጢት ወደ ቤት ትመጣለች። ብዙ ጊዜ በጀርባችንና በአህያችን ጭነን የምናስገባት እኛው ነን።

ከየካቲት እስከ ግንቦት። በበጋው ድርቀት በማሳ የቀሩት በረሃብ፣ በአሞራና በሌሎች አዳኞች ያልቃሉ። ቁጥራቸው በጣም ይቀንሳል። በቤት ያሉት ግን እህል፣ ውኃና መጠለያ ስላላቸው ይተርፋሉ።

ሰኔ። ከባድ ዝናብ ሲጀምር በማሳ ያለው ጉድጓድ ውኃ ይሞላል። መሬቱ ታርሶ መሸሸጊያው ተገልብጧል፤ ብርዱም ይበረታል። ቤት ግን ደረቅ ነው፤ ምድጃውም ይሞቃል። ከማሳ የተረፈችውም ወደ ቤት ትጠጋለች። ቡቃያው ከፍ ሲል ደግሞ ከቤት ወጥታ ወደ ማሳው ትመለሳለች።

እስቲ እናስላው። አንዲት እናት አይጥ ከሰኔ ተርፋ በሐምሌ፣ በነሐሴና በመስከረም አንድ አንድ ጊዜ ብትወልድ 30 ልጆች ይኖሯታል። በሐምሌ ከተወለዱት 10 ልጆች 5ቱ ሴቶች ቢሆኑና በጥቅምት እያንዳንዳቸው 10 ቢወልዱ 50 ይጨመራል። ድምሩ 80 ነው። በእርግጥ ሁሉም አያድጉም፤ ጎርፍ፣ በሽታና አዳኝ ይቀንሳቸዋል። ግማሹ እንኳ ቢተርፍ 40 አይጥ ነው። በግንቦት አንዲትን አይጥ ማጥፋት በኅዳር ይህን ሁሉ ከማባረር ይቀላል።

4. ጉዳቱን በሚዛን እንየው

አንዲት አይጠ መጎጥ በቀን 15 ግራም ያህል እህል ትበላለች። ይህ በጭብጥ እንኳ የማይሞላ ስለሆነ ማንም አያስተውለውም። በአንድ ቤት 20 አይጥ ቢኖር ግን፦

• በቀን 20 × 15 = 300 ግራም፤
• ከታኅሣሥ እስከ ግንቦት ባሉት 180 ቀናት 54 ኪሎ ግራም፤
• 40 አባወራ ባለበት ጎጥ 2,160 ኪሎ ግራም፣ ማለትም ከ21 ኩንታል በላይ።

ይህ የተበላው ብቻ ነው። አይጥ ከምትበላው ይልቅ በሽንቷ፣ በኩሷና በፀጉሯ የምታበላሸው ይበልጣል። በተለይ ለዘር የተቀመጠ እህል ሲጎዳ ኪሳራው እጥፍ ነው። አይጥ ከእህሉ የምትወደው ፅንሱን ስለሆነ፣ በዓይን ሲታይ ደህና የሚመስል ዘር ሳይበቅል ይቀራል።

ከእህሉ ሌላ የጤና ጉዳትም አለ። የአይጥ ሽንት የነካው ውኃና ምግብ ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ያስተላልፋል። በአይጥ ላይ ያለች ቁንጫም የትኩሳት በሽታ ወደ ሰው ታሸጋግራለች። ስለዚህ የአይጥ ኩስ ያለበትን ወለል በደረቁ አትጥረጉ፤ በረኪና ያለበት ውኃ ረጭታችሁ ጥረጉ፤ ከዚያም እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ።

5. የመከላከያ ዘዴዎች

5.1 መግቢያውን መዝጋት

አይጥ የፊት ጥርሶቿ ዕድሜዋን ሙሉ ስለሚያድጉ ዘወትር ትቦጫጭቃለች። ጭቃ ብቻውን አያግዳትም። 6 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለትንሿ አይጥ፣ 12 ሚሊ ሜትር ለአይጠ መጎጥ ግልገል ይበቃል።

• ማታ መብራት ይዛችሁ የቤታችሁን ዙሪያ ከውስጥ ተመልከቱ። ኩስ፣ በግድግዳ ሥር የለሰለሰ መተላለፊያ፣ በማገር ላይ የጠቆረ የቅባት ምልክት ካለ መንገዷ በዚያ ነው።
• ቀዳዳውን በጠጠርና በዕቃ ማጠቢያ ሽቦ ጠቅጥቃችሁ በሲሚንቶ ወይም በደንብ በተቦካ ጭቃ ምረጉት።
• የበሩን ታችኛ ጠርዝ በቆርቆሮ ቁራጭ ልበጡት። በሩ ሲዘጋ ከሥሩ ብርሃን መታየት የለበትም።
• በግድግዳውና በጣሪያው መካከል ያለውን ክፍተት ድፈኑ። ለመናፈሻ የምትተዉት መስኮት በጠባብ ወንፊት ሽቦ ይሸፈን።

5.2 ማከማቻን ማስተካከል

ከቤት ውጭ ያለ ጎተራ፦
• ከመሬት ቢያንስ 1 ሜትር ከፍ ብሎ በእግር ላይ ይቁም።
• በእያንዳንዱ እግር ላይ ከላሜራ የተሠራ፣ እንደ ተደፋ ቀሚስ ወደ ታች የሚሰፋ መከላከያ ይታሠር። መከላከያው ከእግሩ በሁሉም አቅጣጫ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ይውጣ። አሮጌ የዘይት ቆርቆሮ ቀዶ መጠቀም ይቻላል።
• የዛፍ ቅርንጫፍ፣ አጥር ወይም የተደገፈ እንጨት ጎተራውን አይንካ። መሰላሉ እህል ከወጣ በኋላ ይነሳ። መሰላሉ ተደግፎ ካደረ መከላከያው ጥቅም የለውም።

በቤት ውስጥ ያለ እህል፦
• ከረጢት በወለል ላይ ወይም በአልጋ ሥር አይቀመጥ። ከእንጨት ርብራብ ሠርታችሁ ከግድግዳው 50 ሴንቲ ሜትር አርቁት። ዙሪያውን ሰው ሲዞርበት አይጥ አትደፍርም፤ ምልክቷም ቶሎ ይታያል።
• ጎታ በድንጋይ ላይ ይቀመጥ፤ ክዳኑ ገጣሚ ይሁን፤ የተሰነጠቀው በየጊዜው ይለቅለቅ።
• አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ንብርብር ከረጢት ለነቀዝ ፍቱን ነው፤ አይጥ ግን ትበሳዋለች። አንድ ቀዳዳ ከተገኘበት ነቀዙም ይገባል። ስለዚህ ይህን ከረጢት የሚጠቀም ሰው አይጥን አስቀድሞ መከላከል አለበት።
• አቅም ያለው የብረት ጎተራ ቢገዛ አይጥንም ነቀዝንም በአንድ ጊዜ ይከላከላል።

5.3 ግቢንና ማሳን ማጽዳት

• የጭድ፣ የኩበትና የማገዶ ክምር ከቤት ቢያንስ 15 እርምጃ ይራቅ፤ ከተቻለም በቆጥ ላይ ይሁን።
• የነዶ ክምር በባዶ መሬት ላይ ሳይሆን በድንጋይ ወይም በእንጨት ርብራብ ላይ ይከመር። ውቂያ አይዘግይ።
• እህልና ጭድ ወደ ቤት ከመግባቱ በፊት በአውድማው ላይ ይራገፍ።
• ማታ የተረፈ ምግብ፣ የእንስሳት መኖና የውኃ ዕቃ ተከድኖ ይደር።

ስለ ድንጋይ እርከን አንድ ነገር ልብ በሉ። የመቀሌ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በትግራይ ደጋማ ቦታዎች ባደረጉት ጥናት፣ የድንጋይ እርከን በተቀራረበበት ማሳ አይጥም ጉዳቱም በዝቶ ተገኝቷል። በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ጥሩ ቤት ስለሚሆናት ነው። ይህ ማለት እርከን ይፍረስ ማለት አይደለም። አፈራችንን ያቆየልን እርከኑ ነው። በየዓመቱ የተፋሰስ ሥራ ስንወጣ ክፍተቱን በጠጠርና በአፈር እንሙላ፤ በላዩ የበቀለውን ቁጥቋጦ እንመንጥር፤ የመኖ ሣሩንም ሳይረዝም እያጨድን ለከብት እንስጥ።

5.4 ወጥመድ

አንድ ወጥመድ ወር ሙሉ ከማስቀመጥ 10 ወጥመድ ለ3 ሌሊት መጥመድ ይሻላል። አይጥ ለአዲስ ነገር ጠንቃቃ ስለሆነች መጀመሪያ ሳትወጥሩት 2 ሌሊት በምግቡ አለማምዷት።

የባልዲ ወጥመድ በቀላሉ ይሠራል። በ20 ሊትር ባልዲ አፍ ላይ ሽቦ ዘርጉ። በሽቦው መሃል የሚሽከረከር ባዶ የቲማቲም ጣሳ አስገቡ። ጣሳውን የተፈጨ ለውዝ ወይም የኑግ ልጥልጥ ቀቡት። ከወለል እስከ ባልዲው አፍ ዘንግ አስደግፉ። በባልዲው ውስጥ ሩብ ያህል ውኃ ጨምሩ። አይጧ ጣሳው ላይ ስትወጣ ይሽከረከርና ትወድቃለች። ሕፃን በሚደርስበት ቦታ ግን ውኃ ያለበት ባልዲ በፍጹም አታስቀምጡ።

የሚፈናጠረውን ወጥመድ ከግድግዳው ጋር አስጠግታችሁ፣ ምግቡ ያለበትን ጫፍ ወደ ግድግዳው አዙሩት። አይጥ ግድግዳ ታካ ስለምትሄድ ታገኘዋለች። የሞተውን በባዶ እጅ አትንኩ፤ በላስቲክ ይዛችሁ ጥልቅ ጉድጓድ ውስጥ ቅበሩ።

5.5 ወዳጆቻችንን መጠበቅ

ድመት ያለበት ቤት አይጥ እንደ ልቧ አትራባም። ድመቷ ብቻዋን ግን አትበቃም፤ ቀዳዳው ካልተዘጋ የምትይዘው ከሚገባው ያንሳል።

ጉጉትን ሟርተኛ ናት ብሎ መግደል በራስ ላይ መፍረድ ነው። ጫጩት የምታሳድግ ጉጉት በአንድ ሌሊት በርካታ አይጦችን ትይዛለች። በመካነ ሰላም አቅራቢያ ባለው በቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ የሚኖረው ቀይ ቀበሮም ዋና ምግቡ አይጥና የአይጥ ዘር ነው። አሞራውም፣ ጭልፊቱም በማሳችን ላይ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ናቸው።

5.6 ስለ መርዝ

«አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ» ይባላል። በመርዝ አጠቃቀማችን ግን አይጥ በበላው የሚመታው ልጅ፣ ድመትና ዶሮ ሊሆን ይችላል።

ዚንክ ፎስፋይድ የሚባለው ጥቁር ግራጫ ዱቄት በሆድ ውስጥ ካለው አሲድ ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ያወጣል። ለነቀዝ የሚጨመረው የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒንም እርጥበት ሲያገኝ ይህንኑ ጋዝ ያወጣል። ለዚህ ጋዝ ማርከሻ መድኃኒት የለውም። ስለዚህ፦

• ሰው በሚተኛበት ቤት የነቀዝ ክኒን በፍጹም አይግባ፤ በአይጥ ጉድጓድም አይጨመር። ጋዙ በግድግዳ ስንጥቅ ወደ መኝታ ይገባል።
• መርዝ ከግብርና ባለሙያ ምክር ውጭ አይገዛ፤ ስም የሌለው፣ በወረቀት የተጠቀለለ መርዝ ከገበያ አይወሰድ።
• የሰብል ፀረ ተባይ ለአይጥ ብሎ ከምግብ ጋር መቀላቀል ክልክል ነው።
• መርዝ ያለበት ምግብ እጅ በማያስገባ ሣጥን ወይም ቧንቧ ውስጥ ይቀመጥ፤ ቦታው ይመዝገብ፤ የተረፈው ተሰብስቦ ይቀበር።
• የሞተች አይጥ በየቀኑ ተፈልጋ ትቀበር። ደም እንዳይረጋ በሚያደርግ መርዝ የሞተችን አይጥ የበላች ድመት ወይም ጉጉት እርሷም ልትሞት ትችላለች።
• ሰው መርዝ ከቀመሰ በቤት ውስጥ ለማስመለስ አትሞክሩ። የመርዙን ዕቃ ይዛችሁ ሳትዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

ሌላም ችግር አለ። ጥቂት መርዝ ቀምሳ የታመመችና የዳነች አይጥ ያንን ምግብ ዳግመኛ አትነካም። ስለዚህ መርዝ የመጨረሻ አማራጭ እንጂ የመጀመሪያ መሆን የለበትም።

6. የሞዴል አርሶ አደር ኃላፊነት

አንድ ሰው ቤቱን ቢያጸዳ የጎረቤቱ አይጥ በሳምንት ውስጥ ትገባለች። በቬትናምና በኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች ውጤት ያገኙት መንደሩ በሙሉ ሰብሉ እንደተተከለ፣ አይጥ መራባት ከመጀመሯ በፊት፣ በአንድ ጊዜ ስለዘመተ ነው። እኛም ዕድርና ደቦ ያለን ሕዝብ ነን፤ መሰባሰብ አያቅተንም።

የጎጥ ዘመቻ በዚህ ቅደም ተከተል ይካሄድ፦

1ኛ ሳምንት፦ እያንዳንዱ ሞዴል አርሶ አደር በዙሪያው ካሉት 5 ቤቶች ጋር ይመካከር። ምክክሩ ባልና ሚስት ያሉበት ይሁን። ጓዳውንና ጎታውን ከሁሉ አስበልጣ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ስለሆነች ያለ እርሷ ዕቅድ አይያዝ። አቅመ ደካሞችና አረጋውያን ያሉበት ቤት በደቦ እንዲሠራ ይወሰን።

2ኛ ሳምንት፦ በአንድ ቀን የሁሉም ግቢ ይጽዳ፤ የጭድና የማገዶ ክምር ይነሳ፤ ቀዳዳ ይዘጋ።

3ኛ ሳምንት፦ በሁሉም ቤት በተመሳሳይ ሌሊቶች ወጥመድ ይጠመድ። የተያዘው ተቆጥሮ በቤት በቤት ይመዝገብ።

4ኛ ሳምንት፦ ብዙ አይጥ በተያዘበት ቤት ሥራው ይደገም። መዝገቡ በገበሬ ማሠልጠኛ ማዕከል ለግብርና ባለሙያው ይሰጥ።

በታኅሣሥ፣ እህል ከአውድማ ከመግባቱ በፊት፣ የጎተራውና የቀዳዳው ፍተሻ አንድ ጊዜ ይደገም።

7. የመወያያ ጥያቄዎች

1. ባለፈው ዓመት በቤታችሁ አይጥ የበላውንና ያበላሸውን እህል ገምቱ። በዛሬው የገበያ ዋጋ ስንት ብር ይሆናል?
2. በጎጣችሁ አይጥ ብዙ ጊዜ የሚታየው የት ነው? ጭዱ፣ እርከኑ ወይስ ጎተራው አጠገብ? ለምን?
3. ለዘመቻው ፈቃደኛ ያልሆነ ጎረቤት ቢኖር ምን ብላችሁ ታስረዱታላችሁ?
4. በቤታችሁ አሁን የተቀመጠ መርዝ ወይም የነቀዝ ክኒን አለ? የት ነው ያለው? ልጅ ይደርስበታል?

8. የተግባር ሥራ

እስከሚቀጥለው ሥልጠና ድረስ እያንዳንዳችሁ አንድ የባልዲ ወጥመድና አንድ የጎተራ እግር መከላከያ ሠርታችሁ ለጎረቤቶቻችሁ አሳዩ። ለ3 ሌሊት ጠምዳችሁ የያዛችሁትን ቁጥር፣ የተያዘበትን ቦታና ዓይነቷን ጽፋችሁ አምጡ። መጻፍ የማይችል በልጁ ያስጽፍ። በቀጣዩ ስብሰባ የሁሉንም ቁጥር ደምረን የጎጡን የዘመቻ ቀን በጋራ እንወስናለን።